ሰብለ ያዘዘችው የቤዝ አንገት

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ለጥገና ያመጣውን ቤዝ ጊታር ከማኅደሩ አወጣሁ። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት የምንላቸው፣ ቀጥ ብለው አልተጋደሙም፤ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ግማሾቹ ወደዚህ፣ ግማሾቹ ወደዚያ አዘንብለዋል። ወፍራሙን ክር መታሁት። የተወጠረ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ሰብለ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ ከአንድ ሸማኔ ጎን በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ክራርም ጊታርም እጠግናለሁ። በአካባቢው ሌላ ጠጋኝ ስላልነበረ ሙዚቀኛው ሁሉ ይለማመጠኛል፤ ይሄ ሳያበላሸኝ አልቀረም። ሰብለ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ ነው። በአንድ እጇ ቤዟን፣ በሌላው የተጠበሰ በቆሎ ይዛለች። ራሷ የሣለችውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች።

“አዲስ አንገት ሥራልኝ፤ ፍሬቶቹ እንደዚህ ያዘንብሉ” አለች። “ወፍራሙ ክር ረዘም ካለ ይወጠራል። አሁን ይላላብኛል።”

“ጠማማ ነገር አልሠራም።”

“ጠማማ አይደለም፤ ተለክቷል።”

“ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ?”

“ስለ ራሴ ቤዝ፣ አዎ።”

በቃ፣ ጠላኋት። ሥራውን ግን ተቀበልኩ፤ ፍሬቶቹንም እንደ ወትሮው ቀጥ አድርጌ ተከልኳቸው። ያስረከብኳት ባንድ ለመግባት በምትፈተንበት ዕለት ጠዋት ነው፤ ሌላ ቤዝ የምትፈልግበት ጊዜ እንደሌላት እያወቅሁ። አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ይዛው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። “አልተቀበሉኝም” አለችና ፒንሳዬን አንስታ ፍሬቶቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። እንጨቱ እየተፈለጠ ይጮሃል። ሸማኔው ሥራውን አቁሞ በበሩ ያየናል። ስትጨርስ ብረቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ወጣች።

እፍረቴን በምን ልሸፍነው? ለመጣው ሙዚቀኛ ሁሉ “ጠማማዋ” እያልኩ አወራኋት። ስሙ ተጣበቀባት። ባንዶቹ ሳይሰሟት፣ “አስቸጋሪ ናት” ብለው ይመልሷት ጀመር። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አላየኋትም።

ትናንት ልብስ የምትሰፋበት ሱቅ ድረስ ሄድኩ።

“ልክ ነበርሽ” አልኳት።

“ያኔም አውቀው ነበር” አለች፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። “ለምን እንደዚያ እንዳደረግህ ነው የማላውቀው። አሁን ደንበኛ ይመጣብኛል።”

ቁልቁለቱን ወረድኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ እንደዚያ ያለ አንገት መሥራት አልችልም ነበር። ይህን ላለማለት ስል ሰው ከሙያዋ አስወጣሁ፤ ትናንትም ፊቷ ቆሜ ሳልለው ቀረሁ።