ሰይድ በፀሐይ ተቃጥሎ የጠራው ስም

ዛሬ ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በትኩሳት እየቃዠ «አህመድ፣ ተነስ፤ ውሃው ጋ ልንደርስ ነው» አለ።

አህመድ የጎረቤታችን የእማማ ዘሀራ ልጅ ነው። ከሰይድ ጋር በረሃ አቋርጠው ሳዑዲ ሊገቡ ወጥተው ነበር። ሰይድ ብቻውን ሲመለስ «አህመድ እዚያው ሥራ ላይ ነው» ብሎን ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ላይ ዓሣ ልናጠምድ ወጥተን ሰይድ ሸሚዙን አወለቀ።

«ጀርባህን ሸፍን እንጂ» አልኩት።

«በረሃውን ያየ ይህን ፀሐይ ይፈራል?» አለኝ።

ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ቃጠሎው አልታወቀውም። ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ይዘን ስንመለስ ጀርባው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ዓሣው ሳይጠበስ አጥማጁ ተጠበሰ።

እማማ ዘሀራ ሊጠይቁት መጥተው ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዙለት ሳሉ ነው የልጃቸውን ስም የጠራው።

እጃቸው ቆመ። «ሰይዶ፣ ልጄን የት ተውከው?» አሉት በቀስታ።

ሰይድ ዓይኑን ገልጦ አያቸውና አለቀሰ።

«ኢናሊላሂ» አሉ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። ከዚያ ጨርቁን እንደገና ነክረው ጀርባው ላይ አደረጉለት።

አሁን ጤና ጣቢያ ነን። እሳቸውም አብረውን መጥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል።

ውሃ ላይ የምትውሉ፣ ቢነፍስም ተሸፈኑ። ከበረሃ የተመለሰ ወንድም ያላችሁ ደግሞ፣ ያየውን እንዴት ጠየቃችሁት? እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።