ለየብቻ ያልጠቀለልኳቸው ጣቶች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መጥረጊያ፣ ባልዲና አንድ ትእዛዝ ነበር፦ «ጠርሙስ እንዳትነካ።» መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጤና ጣቢያው መንዝ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ አብረውኝ የሠሩት ያውቁታል።

ያዘዘችኝ የጣቢያው ኃላፊ ሲስተር የሺ ናት። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ታንሳለች። «ማንበብ ትችላለህ?» አለችኝ። አልችልም አልኳት። «እንግዲያው አትንካ» አለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ከሥራ ስወጣ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ፊደል ለመለየት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። መጀመሪያ በራሴ ያነበብኩት ሲስተር የሺ ጠርሙስ ላይ በፕላስተር የለጠፈችውን ነው፦ «ለውጭ አካል ብቻ።» ከዚያ በኋላ የቁስል መቆንጠጫውን ፒንሳ መቀቀል፣ ቁስል ማጠብ፣ ፋሻ መጠቅለል አስተማረችኝ። ደመወዜ የጽዳት፣ ሥራዬ የድሬሰር፣ የቁስል አሻጊ ሆነ። ለዚህ ያመሰገነኝ የለም።

አንድ ቀን የሚመጣ በሽተኛ አጥተን ስንቀመጥ «ቁስል ሲድን የሚሸፍነው ነገር ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋት። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሰውነት ሥዕል ወሰደችኝ።

«ኤፒተልየም ይባላል፤ ሽፋን ሕብረ ሕዋስ» አለች፣ በብዕሯ ጫፍ እየነካች። ሳንባ ውስጥ ያለው ስስና ጠፍጣፋ ነው፣ አንድ ረድፍ ብቻ፤ አየር ያሳልፋል። አንጀት ውስጥ ያለው እንደ ምሰሶ ጎን ለጎን የቆመ ነው፤ የተፈጨውን ምግብ ይመጥጣል። የሽንት ፊኛው ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። አፍና ቆዳ ላይ ያለው ድርብርብ ነው፤ የላዩ ሲፋቅ ከሥር ይተካል። የአየር ቧንቧው ደግሞ ጠጉር መሳይ ነገር አለው፤ አቧራና አክታ ወደ ላይ ይጠርጋል።

«እንደ እኔ መጥረጊያ ይዟል በሉኛ!» አልኳት።

«ካንተ ይሻላል፤ አይለግምም።»

ከዚያ ዋናውን ነገረችኝ። ቆዳ ሲላጥ አዲሱ ሽፋን ከዳር ተነሥቶ ይሳባል፤ ከሌላው ዳር ጋር እስኪገናኝ አያቆምም። ስለዚህ በተቃጠሉ ጣቶች መካከል ጎዝ የሚሉት ስስ የቁስል ጨርቅ ይገባል። ካልገባ ሽፋኑ አንዱን ጣት ከሌላው ጋር ያያይዘዋል። ሰማሁ፣ ገባኝም። አልዋሽም፤ ነግራኛለች።

ሲስተር የሺ ለሥልጠና ሦስት ሳምንት ደብረ ብርሃን በሄደች ጊዜ እትዬ አሰለፈች መጡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ለባና፣ ለመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን የበግ ጠጉር እየፈተሉ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጠጉር ሊያጥቡበት ያፈሉት ውሃ ቀኝ እጃቸው ላይ ተደፍቶ አመልካች ጣታቸውና የመሐል ጣታቸው ተልጧል። ሊጥ ለጥፈውበታል።

«እፈትልበታለሁ ወይ ሐኪሜ?» አሉኝ።

ሐኪሜ! እዚያ ጤና ጣቢያ እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ አልነበረም።

«እኔ እጅ ገብተው? እንዴታ!» አልኳቸው።

ሊጡን አጥቤ አነሣሁ። በየጣቱ ዙሪያ የቫዝሊን ጎዝ አድርጌ ፋሻውን ለየብቻ ጠቀለልኩ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ውርጭ የበረታበት ወቅት ነው።

«እንዲህ ለየብቻ ተገትረው ብርድ ገደላቸው። አንድ ላይ አድርግልኝ፤ ጣት ከጣት ይሟሟቃል።»

«ሲስተር ለየብቻ ነው ያለችው።»

«ሲስተር አሁን የት አለች? ሐኪሙ አንተ አይደለህ?»

የመንዝ ሰው እጁን ከባናው ሥር ሰብስቦ ነው የሚኖር። የታመመ ጣት ነጥሎ ለብርድ መስጠት ለእኛ ጭካኔ ይመስለናል። እኔም መንዜ ነኝ። ሁለቱን ጣት አንድ ላይ ጠቀለልኩላቸው፣ በመካከል ምንም ሳላገባ።

በየሦስት ቀኑ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ መልሼ ጠቀለልኩ። ሽፋኑ ከዳር ሮዝ ሆኖ ሲሳብ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። መካከሉን ግን ገልጬ አላየሁም፤ ልገልጥ ስል ጮሁ፣ ተውኩት።

ሲስተር የሺ እንደተመለሰች ፋሻውን ፈታችው። ጣቶቹን ልትለያይ ሞከረች። አልተለያዩም።

«ማነው እንዲህ የጠቀለለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አልነገርኩህም?»

«ነግረውኛል።»

እትዬ አሰለፈች «በርዶኝ እኔ ነኝ ያዘዝኩት፤ አትቆጪው ልጄ» አሉ።

ሲስተር የሺ ወደ እሳቸው አልዞረችም። «እሳቸው ሐኪም አይደሉም» አለችኝ። «አንተም አይደለህም።»

እትዬ አሰለፈች ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተልከው ጣቶቻቸው በምላጭ ተለያዩ። አመልካቹ ግን ታጥፎ ቀረ። እንዝርት የሚያሾረው እሱ ነው። በግራ እጃቸው ሞከሩ፤ ክሩ አንዴ እየወፈረ አንዴ እየቀጠነ ሸማኔው አልቀበልም አላቸው። ከዓመት በኋላ ሞላሌ ገበያ ጨው ሲቸረችሩ አገኘኋቸው። እጃቸውን ማየቴን አይተው «ለጨው መስፈሪያ ይበቃል» አሉኝ።

እኔ ወደ መጥረጊያው ተመለስኩ። በሲስተር የሺ ተናድጄ ነበር፤ እሷ ግን ልክ ነበረች። ከስድስት ወር በኋላ ፋሻውን መልሳ ሰጠችኝ፣ ጡረታ እስክወጣ ጠቀለልኩ። መዝገብ ላይ እስከ መጨረሻው ጽዳት ነኝ። በኋላ የመጡት ባለ ዲፕሎማ ልጆች ማዕረጌን ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ለእነሱ የምለው አጭር ነው። አዲስ ቆዳ የትኛው ጣት የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም። በመካከል ጎዝ አግቡ፤ ለየብቻ ጠቅልሉ። በሽተኛው በረደኝ ካለ ይብረደው።