እጄ ላይ ተቀምጬ

የዛሬዋ ተጋጣሚዬ ንግሥቷን ያለ ጠባቂ ተወችልኝ። ቼዝ እንጀራዬ ነው፤ የነኩትን ጠጠር ሳያንቀሳቅሱ መተው እንደሌለ አውቃለሁ። ሁለት እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ጣቶቼ ሲደነዝዙ፣ በሐሳብ ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ያደግኩበት አሪቻ ደረስኩ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ቡና ማጠቢያው ግቢ ውስጥ፣ በሽቦ አልጋ ላይ ከተሰጣው እርጥብ ቡና ብላሽ ብላሹን ትለቅማለች። እኔም ላግዝ ብዬ ደህናውን ጭምር እዘግናለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ከዓይንሽ አይቅደም! በይ ተቀመጪበት!» ብላ ሣጥን ላይ አወጣችኝ።

እጄ ላይ ተቀምጬ አፈጠጥኩ። «አንድ ብላሽ አየሁ!»

«ጎረቤቱንስ?»

ቡና ምን ጎረቤት አለው? አልገባኝም፤ ግን አየሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት! ስትፈቅድልኝ ደህናውን ሳልነካ አምስቱንም ለቀምኳቸው። ለቃሚዎቹ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

አሁንም የንግሥቷን ጎረቤት አየሁ። እሷን ብበላ ንጉሤን ሊይዝ ያደፈጠ ፈረስ አለ! ተውኳት።

አሸንፌ ስወጣ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቼዝ አታውቅም።

«እጅሽ ላይ ተቀመጥሽ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማን ይችልሻል!»