ትልቅ ሰው ቀድሞ ሲናገር

የማኅበራችን ጸሐፊ ያሳፈረችኝ ባለፈው ዓመት በዒድ ማግስት፣ ሮቤ ከተማ፣ አባል ሴቶቹ ሁሉ እያዩ ነው። የበሶ አምራች ሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር እኔ ነኝ። ጎባ ከተማ ሱቅ እንክፈት ስል ሁሉም «እንዳሉት» ብለው ነበር። በመክፈቻው ቀን ግን ከአባላቱ አንዲትም አልመጣች፤ ብቻዬን በሶ በጥብጬ ጠጣሁ። እንዲህ ከቀጠለ ማኅበሩ መበተኑ ነው ብዬ ሰጋሁና ሰበሰብኳቸው።

«በአመራሬ ላይ ጥፋት ካለ ንገሩኝ። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ጥፋቱ የእናንተ ስንፍና ነው» አልኩ።

«እንዳሉት» አሉ በየተራ።

ጸሐፊዋ ሳቀች። «አዴ፣ ከሁላችን ትልቋ እርስዎ ነዎት። ትልቅ ከተናገረ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? የጎባ ሰው በሶውን ቤቱ እንደሚያዘጋጅ ሁላችንም እናውቅ ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔንም ሳልወድ ሳቄ አመለጠኝ። የልጄ እኩያ ናት፤ ለብቻዬ ጠርታ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳውን አንብቤ ዝም አልኩ። የተናገርኩት ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ነው። የጎባውን ሱቅ ዘጋን። ጸሐፊዋን እስከ ዛሬ አላመሰገንኳትም።