ለጠባቂው የሚሆን ወንበር

የልጅ ልጄ ናሆም ቅዳሜ መኪና ተከራይቼ አዋሽ ፓርክ ልውሰድሽ ይለኛል። ጉልበቴን ያመኛል። ከአዳማ እስከ መተሐራ ያለው ሙቀት ገና ሳስበው ይደክመኛል።

እዚያ የሄድኩት አንዴ ብቻ ነው። ታደሰ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ ገና እሺ ሳይል ነበር። ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አክስቴ እትዬ ዘነበች አይታ እንድትናገር ተባለና፣ ሦስታችን እሱ በተዋሰው ቮልስ አራዊት ልናይ ወጣን። ቮልሱ ከመቂ ቲማቲም ሲጫንበት የኖረ ስለነበር የኋላ ወንበሩ ግማሹ ተነስቷል። ግንቦት ነው። የያዝነው ጭኮ ቅቤው ቀልጦ እቃውን አልፏል፤ በሰቃ ሐይቅ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ሙቀቱን መልሶ ይተፋል።

መግቢያው ላይ ጠባቂው ጠመንጃውን እንደያዘ፣ "እኔ ሳልሳፈር መኪና አይገባም" አለ። አንድ ሰው መውረድ ነበረበት።

"እርስዎ እዚህ ጥላው ስር ቢያርፉስ?" አላት ታደሰ አክስቴን።

"ልጅቷን ከሁለት ወንድ ጋር ጫካ ሰድጄ? አንተ ውረድ!"

"ታዲያ ማን ይነዳል፣ እትዬ?"

"እሷ ናታ!"

ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አስተምሮኝ መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ነገሩ እስኪያልቅ ለታደሰ እንዳይነገር የመከረችው ግን ራሷ አክስቴ ናት። ሴት መሪ ስትይዝ የሚሳቅበት ጊዜ ነበር። ጋብቻው እዚያው የቀረ መሰለኝ።

ታደሰ አየት አደረገኝ። "ሁለተኛው ማርሽ ያስቸግራል፤ ጠበቅ አድርገሽ አስገቢው" አለና ቁልፉን ሰጥቶኝ ግራር ስር ሄዶ ተቀመጠ።

ሳላ የሚባሉትን የዱር እንስሳት ደረቅ ሣር ውስጥ አገኘናቸው። ስንመለስ ታደሰ ላብ በላብ ሆኖ እዚያው ነበር።

"ምን አያችሁ?" አለ።

እሱ እየነዳ እስከ አዳማ ድረስ ነገርኩት። አክስቴ ቤት ስትገባ ለአባቴ፣ "ስጠው" አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከታደሰ ጋር ከተጋባን በኋላ ሁልጊዜ ለፋሲካ እንሄዳለን እንባባል ነበር። ሥራ፣ ልጆች፣ ከዚያ የእሱ ሕመም። ሳንሄድ አረፈ።

"አያቴ ያየውን ሳላ ማየት አለብኝ" ይላል ናሆም። "ቀንዱ እንደ ጦር የቀና፣ ፊቱ ላይ ደግሞ የነጠላ ጥለት የመሰለ ጥቁር መስመር። ስንቴ ነገረኝ!"

የነጠላ ጥለት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያን ቀን፣ መኪናው ውስጥ። ናሆምን አላረምኩትም።

"እሺ" አልኩት። "ግን ለጠባቂው የሚሆን ወንበር ያለው መኪና ፈልግ።"