ሊሳሳት የሚችል መላ ምት

አማካሪዬ በሰጡኝ ወረቀት ላይ አሥራ አራት የጥናት ርዕሶች ተደርድረዋል። የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ የሥልጠና ተጽዕኖ፣ የማበረታቻ ተጽዕኖ። መጨረሻቸው ላይ «በድሬዳዋ» ብሎ መጨመር ብቻ ነው የቀረው። ተጽዕኖ እንዳለው ሳይጠናም ይታወቃል። የማስተርስ ጓደኞቼ አንዳንድ ርዕስ አንስተው ሄዱ፤ እኔ ወረቀቱን ለአማካሪዬ መለስኩላቸው።

የእኔ ጥያቄ ከቤቴ የወጣ ነበር። ታላቅ እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ገብታ በአምስተኛው ወር ለቀቀች። አብረዋት ከገቡት የሰፈራችን ሴቶችም የቀረች የለችም። ለምን?

«ደሞዝ ነዋ» አሉኝ አማካሪዬ እየሳቁ። «የታወቀ ነገር ማጥናት ውሃ ወቀጣ ነው።»

አንድ የፋብሪካ አለቃ ደግሞ የድሬ ሰው ቀትር ላይ መተኛት ለምዶ ሰንፏል አለኝ። ደሜ ፈላ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሱቅ የምንዘጋው ፀሐዩን ስለምናውቀው እንጂ ሰንፈን አይደለም። በዚያው ንዴት መላ ምቴን ጻፍኩ፦ ሴቶቹ የሚለቁት በቀትር ሙቀት ነው።

ለእህቴ አነበብኩላት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«አቦ፣ ይሄን ማን ነገረሽ? ወላሂ የምንሰፋበት ሼድ ከቤታችን ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ ለምን ለቀቅሽ?»

«ከሰው ጠፋሁ። የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ሴቶቹ የድግሱን ሥራ የተከፋፈሉት ቀትር ላይ ነው፤ እኔ ማሽን ላይ ነበርኩ። የሠርጉ ቀን ሽንኩርት ልላጥ ብዬ ብገባ፣ እንግዳ አድርገው ወንበር ሰጡኝ።»

አፈርኩ። ሴቶቻችን ቀትር ላይ ጥላ ስር ምንጣፍ አንጥፈው እንደሚቀመጡ፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ ድግስ የሚመከረው እዚያ እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን እኔም እንደ አለቃው ቀትርን የፀሐይና የእንቅልፍ ሰዓት ብቻ አድርጌው ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። እህቴ አጠገቤ እያለች እሷን ሳልጠይቅ ንዴቴን ነበር የጻፍኩት።

የጻፍኩትን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። ቀትርን በሥራ የሚያሳልፉ ሴቶች፣ ደሞዛቸው እኩል ሆኖ ፈረቃቸው ቀትርን ነፃ ከሚያደርግላቸው ቀድመው ይለቃሉ፤ ምክንያቱም ከሰፈራቸው ይቆረጣሉ። ይህን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ሳይፈርሙበት ፕሮፖዛሉ አያልፍም።

«ስህተት ሆኖ ቢገኝስ?» አሉኝ።

«ተሳስቼ ነበር ብዬ እጽፋለሁ። እርስዎ ከሰጡኝ ውስጥ ግን ሊሳሳት የሚችል አንድም የለም።»

እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «እንግዲያው ዘንድሮ አትመረቂም።»

አልተመረቅሁም። ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ሲያልፉ አጨበጨብኩላቸው። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። እናቴ «ምናለ እሺ ብትያቸው» አለችኝ፤ እህቴ ግን ከሁሉ አስቀድማ ለእኔ ምሳ አቀረበችልኝ።

ዓመቱ ዞሮ ምዝገባ ሲከፈት ያንኑ ፕሮፖዛል አንድ ቃል ሳልቀይር አማካሪዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

«አሁንም?» አሉኝ።

«አሁንም» አልኩና፣ ተቀመጪ ሳይሉኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።