የእርቁ ባርኔጣ ገበር

ትናንት ጣሪያችን አፈሰሰና ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአያቴ የሱፍ ባርኔጣ ራሰ። ቤቱ በሙሉ በግ በግ ሸተተ። ገበሩን አውጥቼ ላድርቀው ብዬ መቀስ አነሳሁና እጄ ቀጥ አለ።

ልጅ ሆኜ፣ መሬት በተሸነሸነ ማግስት፣ ከአያቴ ጋር በድንበር የተጣላው ጎረቤት በሽማግሌ ታረቃቸውና ይሄንኑ ባርኔጣ ሰጣቸው። አክስቴ አላመነችውም። ገበሩን በጣቷ እየዳበሰች፣

"አባዬ፣ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። መተት ሰፍቶብን እንዳይሆን፤ ተርትሬ ላውጣው" አለች።

አያቴ ባርኔጣውን ነጠቋት። "መስቀል ተሳልሜ ይቅር ብያለሁ እኮ! ተርትሬ ባዶ ባገኘው፣ ሰውየውን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

"ባዶ ባይሆንስ?"

ከዚያ ወዲያ አያቴ ባርኔጣውን በእጃቸው ይዘው ነበር የሚወጡት። ጎረቤታችን ብቅ ሲል ይደፉታል፤ ካለፈ በኋላ ቶሎ አውልቀው ራሳቸውን ይዳብሳሉ።

ትናንትም ገበሩን ስነካው ተንኮሻኮሸ። ይሄኔ ባሌ ከደጅ ገባ። ባሌ የዚያ ጎረቤት የልጅ ልጅ ነው።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለኝ።

"ላደርቀው ነው" አልኩት።

ዓይኑን ከመቀሱ ላይ አልነቀለም።